ጋሼ ከብስክሌት የሚወርዱበት መታጠፊያ

ከየካ ወደ እንጦጦ ኮረብታዎች የሚያወጣ፣ መኪና የማይደርስበት የጠጠር መንገድ አለ፤ ወንዝ ተከትሎ ይሄዳል። በቅርቡ ያረፉት፣ ጋሼ የምላቸው አጎቴና እኔ እሑድ እሑድ በብስክሌት እንወጣበት ነበር።

ጋሼ በመንገዱ ሰው ባገኙ ቁጥር፣ ከበቅሎው እንደሚወርድ የድሮ ሰው፣ ከብስክሌታቸው ወርደው ባርኔጣቸውን አንስተው ሰላምታ ይሰጡ ነበር።

«ጋሼ፣ እንዲህማ ከሆነ ብስክሌቱን ለምን ይዘነው ወጣን?» ስላቸው፣ «ተቀምጦ ሰላምታ የለም፤ ከቸኮልህ ቅደመኝ» ይሉኛል።

ከወንዙ በላይ ባለ አንድ መታጠፊያ ግን ማንም ሳይኖር ይወርዳሉ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጥቂት ይቆማሉ። ሰላምታው ለማን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም፤ ሌላ እሑድ ያለ መስሎኝ ነበር። ከቀብሩ በኋላ ባለቤታቸውን ጠየቅሁ።

«እዚያ ቤትም መቃብርም ኖሮ አያውቅም። ደክሞት ይሆናላ!» አሉኝ።

ድካም ግን ባርኔጣ አያስወልቅም።

ባለፈው እሑድ ብቻዬን ወጣሁ። ሳልወርድ ባልፍ እርሳቸውን የናቅሁ፣ ብወርድ ደግሞ የማላውቀውን ነገር የምኮርጅ መሰለኝ። በመጨረሻ ወረድሁና ባርኔጣዬን አወለቅሁ። አህያ የሚነዱ አንድ አዛውንት ደርሰው፣ «ልጄ፣ ማንን ትጠብቃለህ?» አሉኝ።

«እኔም አላውቅም፣ አባቴ» አልኋቸው።

አዛውንቱ አህያቸውን አቁመው፣ እኔ ወደማይበት አቅጣጫ አብረውኝ ተመለከቱ።