የእህቴ ማክሰኞ

ነገሩ የጀመረው ማክሰኞ፣ ግንቦት 27 ቀን 1994 ዓ.ም.፣ ከጧቱ አራት ሰዓት ግድም ነው። ቀኑንና ሰዓቱን ነርሷ ካርዱ ላይ ስትጽፍ አይቻለሁ። ቀሪውን የሚያስታውሰኝ አፍንጫዬ ነው። አልኮል የነካው ጥጥ በሸተተኝ ቁጥር ሰቆጣ ያለችው ያቺ ጠባብ የመርፌ ክፍል፣ በመጋረጃው ሾልኮ እህቴ ጀርባ ላይ ካረፈው ፀሐይ ጋር ትመጣብኛለች።

እኔ አሥራ አንድ፣ ታናሽ እህቴ ዘጠኝ ዓመታችን ነበር። ከከተማው የሁለት ሰዓት መንገድ ከምትርቅ መንደር ነው የመጣነው። አባቴ እኔን ያስከተለኝ ላስተረጉም ነው። ቤት የምንነጋገረው በኽምጣኛ ሲሆን የእሱ አማርኛ ለገበያ እንጂ ለሕመም አይበቃም ነበር። እህቴን መጀመሪያ ጉሮሮዋን አሟት ዳነች። ጥቂት ቆይቶ ጉልበቷ አበጠ፤ እሱ ሲሻላት ወደ ቁርጭምጭሚቷ ዞረ። በመጨረሻ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ዳገቱ ላይ ቁጭ አለች፤ ትንፋሿ አልመለስ አለ።

"ልቧ ነው" አለች ነርሷ።

አባቴ አላመነም። "ልብ የሚያመውማ ሐሳብ የገባውን ትልቅ ሰው ነው በያት። ይቺ ምን ሐሳብ አላት?"

ነርሷ አልተቆጣችም። "ልክ ነዎት አባት፤ የትልልቆቹን ልብ ደም ግፊት ያደክመዋል፤ የደም ሥሩ የሚጠብበትም አለ። የልጆች ግን ሌላ ነው። ልቡ ቀዳዳ ኖሮት የሚወለድ አለ። የእሷ ከጉሮሮዋ የተነሳ ነው። ልብ ደም የሚያሳልፍበት በር አለው፤ የእሷ በር ተጎድቶ ሲዘጋ አልገጥም ብሏል።"

በሩን በእኛ ቋንቋ የቤት በር በምንልበት ቃል አስተረጎምኩት። አባቴ የእህቴን ደረት ለረጅም ጊዜ አየው።

ነርሷ ማዳመጫውን ከአባቴ ቀጥሎ ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ። ከምቱ በኋላ ሽሽ የሚል ነገር ነበረው፤ ጤፍ በወንፊት ሲነፋ የሚሰማ ዓይነት። እንዲያ ያለ ድምፅ ከሰው ውስጥ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ከዓይን አፋርነቴ ጋር ታግዬ፣ "የኔንስ?" አልኳት። ሁለት ምት ያህል ሰምታ አነሳችው።

"ያንቺ ምንም የለውም። ሂጂ ሩጪበት።"

ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ። የእህቴን አባቴም፣ ነርሷም፣ እኔም ጭምር ተሰብስበን ሰምተነዋል። የኔ ለሁለት ምት ያህል እንኳ የሚደመጥ ነገር አልነበረውም።

ስንወጣ ነርሷ ካርዱን ለእኔ ሰጠችኝ። "አንቺ ተማሪ ነሽ፤ ሃያ ስምንት ቀን እየቆጠርሽ አስታውሻቸው። በየአራተኛው ማክሰኞ፣ መርፌዋን። ቀኑ ካለፈ ሕመሙ ይመለስና የቀረውን በር ይጨርሰዋል።"

ደብተሬ ጀርባ ላይ መስመር እያሰመርኩ ቆጠርኩ። ከዚያ ወዲህ አስተርጓሚ ስላላስፈለገ የሚሄዱት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። አባቴ የአጎቴን በቅሎ ተውሶ እህቴን ያስቀምጣትና ልጓሙን ይዞ ተረት እየነገራት ይሄዳል። ሳቃቸው ከጉብታው ማዶ ይሰማኝ ነበር። አባቴ ቤት ውስጥ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። እኔ የራሴንም የእሷንም ውኃ እቀዳለሁ። ሲመለሱ ከተማ የተገዛ ዳቦ በነጠላዋ ጫፍ ተቋጥሯል። ፊቷን ግን ወደ በቅሎዋ አንገት አዙራ ሰላም እንኳ አትለኝም፤ ኩራት መሰለኝ።

"ዛሬ ምን ነገረሽ?" እላታለሁ።

"የመንገድ ተረት ነው፤ ቤት አይወራም።"

አንድ ጊዜ "እኔም ልሂድ" ብዬ ነበር። "አንቺማ እግር አለሽ" አለ አባቴ፤ "እግር ላለው በቅሎ ምን ያደርግለታል?" እናቴ ሳትቀር ሳቀች። በማግስቱ ዳገቱን ሮጬ ወጣሁና እስኪያለከልከኝ ጠብቄ፣ ደረቴን ይዤ እናቴ ፊት ተቀመጥኩ። "ተነሺ እንጂ" አለችኝ፤ "እንስራው ባዶ ነው።"

አራተኛው መርፌ ነሐሴ 21 ላይ ዋለ፤ የማርያም ቀን። እናቴ እልል አለች። "ቀጠሮዋን ማርያም ራሷ ወሰደችው። ከእንግዲህ በየወሩ በማርያም ነው፤ የሚቀጥለው መስከረም 21፣ ያውም በግሸን ማርያም!" መስከረም 21ም ማክሰኞ ነው፤ ገበያም ነው፤ ማንም የሚጠረጥረው ነገር አልነበረም። ግን በመሀል ጳጉሜን አለች። ስቆጥረው ሠላሳ አምስት ቀን ሆነ። የኔ መስመር መስከረም 14 ላይ ያልቃል።

አፌን ከፍቼ ነበር። በዚያው ቅጽበት አባቴ "እንግዲያ የመስከረም 14ቱ ማክሰኞ ያንቺ ነው" አለኝ፤ "ከተማ ወስጄ አምስተኛ ክፍል አስመዘግብሻለሁ።" አፌን ገጠምኩት።

መስከረም 14 ደረሰ። በቅሎዋ ላይ ተቀመጥኩ። አደይ አበባው መንገዱን ግራና ቀኝ ሞልቶት ነበር። አባቴ ጦጣዋ ጅቡን ያታለለችበትን ተረት ነገረኝና ሳቅኩለት፤ ከሚያስቀው በላይ ሳቅኩለት። "አንቺን አላስብም" አለኝ በመሀል፤ "አንቺ ለራስሽ ትበቂያለሽ።" ምርቃት ይሁን ሌላ ነገር እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ተመዝግቤ በገበያው መሀል ስናልፍ ነርሷ ከበርበሬ ሻጮቹ ዘንድ ቀና ብላ በፈጣን አማርኛዋ ተጣራች።

"ትንሿስ? ከጧት ጀምሮ እየጠበቅኋት ነው እኮ! ቀኗ ዛሬ አይደል?"

ዓይኔን ወደ በርበሬው መለስኩ።

"አንቺ፣ ቆጣሪዋ! በይ ለአባትሽ ንገሪው፤ ነገ ጧት ሳትቀር ትምጣ። አንድ ቀን እንኳ እንዲያልፍ አልወድም።"

አባቴ በትሕትና እጅ ነሳትና ወደ እኔ ዞረ። "ምን አለች ሐኪሟ?"

"ሰላም በሉልኝ አለች።"

ከገበያው እስከ ቤት ሁለተኛ ተረት ነገረኝ። አንድ ቃል አልሰማሁም።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ፣ እህቴ የቀዶ ሕክምና ተራዋን ስትጠብቅ አረፈች። አንድ የልብ ሐኪም ጠይቄ "በሩ ገና መርፌ ሳትጀምር ተጎድቶ ነበር፤ የአንድ ቀን ነገር አይደለም" ብሎኛል። አምነዋለሁ። ደግሜ ግን ሌላ ሐኪም ጠይቄያለሁ።

ያኔ ግን፣ በገበያው ማግስት ረቡዕ ጧት፣ አባቴ ሞፈሩን ሲያስተካክል ፊቱ ቆምኩ።

"የእህቴ ቀን ትናንት ነበር። ሐኪሟ ያለችኝ እሱን ነው።"

ሞፈሩን አስቀመጠ። ለምን ብሎ የሚጠይቀኝ መስሎኝ ጠበቅኩ። ፊቴን አይቶ ተወው።

"በቅሎዋ ወደ አጎትሽ ተመልሳለች" አለ ቀስ ብሎ።

"እኔ አዝላታለሁ።"

ሜዳውን እኔና እህቴ እጅ ለእጅ ተያይዘን ሄድን፤ ዳገቱን አዘልኳት። ከእንስራው ትቀል ነበር። የከተማው ቆርቆሮ ሲያብለጨልጭ ድንጋይ ላይ አሳረፍኳትና ነገርኳት። "ረስቼ አይደለም። አባዬን ለብቻዬ ፈልጌ ነው።"

መሬት መሬት አየች። "እኔም ቆጥሬ ነበር።"

"ምኑን?"

"ደብተርሽን አይቼ ነዋ። ማክሰኞ እንደሆነ አውቃለሁ። ዝም ስትዪ ደስ አለኝ። መርፌው እንዴት እንደሚያም አታውቂም፤ እግሬ እስኪመሽ እንጨት ይሆናል። በቅሎዋ ላይ መቀመጥ አቅቶኝ በሆዴ ተኝቼ ነው የምመለሰው። እንዳታዪኝ ፊቴን አዞራለሁ።"

"ተረቱስ?"

"እንዳላለቅስ ነዋ የሚነግረኝ። አንዱን ተረት እኮ ነው ሁሌ የሚደግመው!"

ሳቅን። የጤና ጣቢያው ግቢ በር ስንደርስ ግን ሳቋ ጠፋ፤ ቋሚውን በሁለት እጇ ያዘችው። "ሐኪሟ በማርያም ቀን ይሁን ብላለች በይና እንመለስ" አለችኝ፤ "አንቺ ካልሽ ያምኑሻል።"

ጎንበስ ብዬ ጀርባዬን ሰጠኋት። ቆየች። ከዚያ አንድ በአንድ ጣቶቿን ከእንጨቱ አላቀቀችና አንገቴን ያዘች፤ ይዣት ገባሁ።