ያልተቆጠሩት ኮርቻዎች

የልጅ ልጄ ሰሞኑን የሒሳብ ጥያቄ ይዞ መጣ። የእርሳስና የደብተር ብዛት ፈልጉ ይላል። ሁለት የማይታወቁ ነገሮች አሉ፤ አንዱን በሌላው ተክቶ መፍታት አቃተው። ከጓዳ አንድ እፍኝ ባቄላና አንድ እፍኝ ገብስ አምጥቼ ምንጣፉ ላይ አፈሰስኩ። እጄ ሥራውን አልረሳም። ያስተማረኝን ሰውም አልረሳሁም።

ጣልያን ደብረ ታቦርን በያዘበት ዘመን አባቴ ኮርቻ ሰፊ ነበር። ቤታችን ከገበያው በታች ነው፤ የቆዳና የሰም ሽታ ከልብሳችን አይለቅም። ሁለት ዓይነት ዕቃ ይሠራል፦ ሰው የሚቀመጥበት ኮርቻና የአህያ ጭነት የሚያርፍበት ኩርታን። ለኮርቻ ሁለት የቆዳ ጠፍር፣ ለኩርታን አንድ ጠፍር ይገባል፤ ይህን የገበያ ሰው ሁሉ ያውቃል። ያን ጊዜ የከተማው በቅሎ በጣልያን ተወስዶ አልቋል። ኮርቻ የሚፈልገው በጉና ተራራ በኩል ያለ አርበኛ ብቻ ነበር። ይህን የተረዳሁት በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው፣ አባቴ ኮርቻዎቹን ከኩርታኖቹ ጋር አደባልቆ በጆንያ እንደሚሸፍናቸው ብቻ ነበር። «ኮርቻው ስንት እንደሆነ ለማንም እንዳትናገሪ፤ ያላለቀ ሥራ ሲቆጥሩት በረከቱ ይሸሻል» አለኝ። ቃል ገባሁ።

ሰይድ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። አዲስ አበባ ተምሮ መጥቶ ለጣልያን ያስተረጉም ነበር። አንቱ እያልኩት አድጌያለሁ፤ አሁን ስጽፍ ግን አንቱታው እንቢ አለኝ። አባቴ ሥራውን አይወድለትም፤ ቢሆንም የሚስት ወንድም ነውና በሩን አይዘጋበትም። ሰይድ ሲመጣ ከረሜላ በኪሱ፣ ሒሳብ በአፉ ይዞ ነው። ሴት ልጅ ትማር የሚል ሰው በሰፈራችን ከሱ በቀር አልነበረም።

ባቄላ በቅሎ ነው፣ ገብስ አህያ ነው። «በቅሎ ሁለት ሸክም፣ አህያ አንድ ሸክም ትይዛለች። ሰባት ከብት አሥር ሸክም ያዙ። በቅሎው ስንት ነው?» ይለኛል። በግምት ስደረድር ይስቅብኛል።

«አንቺ ዘይኔ፣ ጠንቋይ ነሽ እንዴ? አትገምቺ፣ ተኪ! አህያ ማለት ከሰባት ላይ በቅሎው ሲነሣለት የቀረው ነው። እንግዲህ አህያ የሚለውን አውጪና ይህንን በቦታው አስገቢ።»

አስገባሁ። የበቅሎው እጥፍና ሰባት፣ ሲቀነስ በቅሎ፣ አሥር ይሆናል። እጥፉ ላይ አንዱ ተቀንሶ በቅሎና ሰባት ብቻ ቀሩ። ሦስት በቅሎ! ከደስታዬ ብዛት ገብሱን በተንኩት። ከዚያ ወዲህ የሱን እግር ድምፅ ስሰማ ገበጣዬን ጥዬ ወደ ደጅ እሮጥ ነበር።

አንድ ቀን አባቴ ገበያ ወጥቶ ሳለ መጣ። እናቴ በጓሮ ናት። ሰይድ ከተሸፈነው ክምር አጠገብ ተቀመጠ።

«ዛሬ በውነተኛ ነገር እንጫወት» አለኝ። «እዚህ ሥር ያለው ዕቃ ሁሉም በድምሩ ስንት ነው?»

የተከለከልኩት ኮርቻውን ነው እንጂ ድምሩን አይደለም። «አሥራ ሁለት።»

«አባትሽ የቆረጠው ጠፍርስ?»

እየቆጠርኩ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። «አሥራ ሰባት» አልኩ፣ እንዲያውም ኮራሁ።

ባቄላውን እንዲዘረጋ ጠበቅሁ። አልዘረጋም። «የዛሬውን እኔው እፈታዋለሁ» ብሎ ከረሜላ ሰጥቶኝ ወጣ። ተከፋሁ። ጥያቄዬን የቀማኝ መሰለኝ። እልህ ይዞኝ ብቻዬን ባቄላና ገብስ ደረደርኩ፤ አንዱን አውጥቼ ሌላውን አስገባሁ። አምስት ባቄላ መጣ። አምስት ኮርቻ። ከአፌ ያላወጣሁት ቁጥር ምንጣፉ ላይ ተቀምጧል። ከረሜላው አፌ ውስጥ እንዳለ ወደ ገበያ ሮጥኩ።

አባቴን መንገድ ላይ አገኘሁት፤ ግን ብቻውን አልነበረም። የጣልያን ወታደሮች ከኋላው፣ ሰይድ ከጎኑ ነበሩ። ቤት ሲደርሱ አለቃቸው ተናገረ፤ ሰይድ ተረጎመ፦ «አምስቱን ኮርቻ አውጣ ይልሃል።»

አባቴ ወታደሮቹን ትቶ እሱን አየው። «አምስት መሆኑን ማን ነገረህ?»

«ማንም አልነገረኝም» አለ ሰይድ። «ሒሳብ ነው።»

አባቴ ያን ጊዜ ወደ ምንጣፉ ዞረ። አምስቱ ባቄላ እንደተደረደሩ ነበሩ። በእግሩ ጫፍ ቀስ ብሎ በተናቸው፤ ወታደሮቹ ቆጥረው ወደኔ እንዳይዞሩ ይመስለኛል። ከዚያ እጁን ሰጠ።

አባቴ የተፈታው ጣልያን ሲወጣ ነው። ጣቶቹ ወስፌ አይጨብጡም ነበር። እኔን አንድ ቀንም ስለዚያ ጠይቆኝ አያውቅም። ሽማግሌዎች ሰይድን ለዕርቅ ይዘውት ሲመጡ ሰይድ፣ «የልጅቱን ስም እኮ አላነሣሁም፤ ይህንን ቁጠሩልኝ» አለ። አባቴም፣ «ልጄን የምታስተምር መስሎኝ ነበር በር የከፈትኩልህ» አለው። ለሽማግሌዎቹ ሲል ታረቀ። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ የሰይድን እግር ድምፅ ስሰማ ወደ ጓሮ እወጣ ነበር።

ኋላ ሥራዬ መጠርጠር ሆነ፤ ሰው ሁለት ቀላል ጥያቄ ሲያቀርብልኝ ያልጠየቀኝን ሦስተኛውን እፈልጋለሁ። ክፉ ልማድ ነው፣ ወዳጅም አሳጥቶኛል። ዘዴውን ግን አልጠላሁትም፤ ያን ቀን እውነቱን የነገረኝ ሒሳቡ ብቻ ነበር።

የልጅ ልጄ እርሳሱ አራት መሆኑን ሲደርስበት ጮኸ፣ ገብሱንም በተነው። «እማማ፣ ማን አስተማረሽ?» አለኝ። ዘመድ ነው አልኩት። ባቄላውን አንድ በአንድ ለቀምኩ። እርሳስ ነው፣ ደብተር ነው፤ መልሱ ሲገኝ የሚታሰር ሰው የለም።