ቃለ ጉባኤው ላይ ያልጻፍኩት

ለንስሐ አባቴ ሌላ ሌላውን ሁሉ ነግሬአለሁ፤ ይህንን ግን እየዘለልኩ ነው የኖርኩት። መዝለል እችልበታለሁ። ጥፋቴም መዝለል ነው።

አዳማ ውስጥ፣ ስሙን በማልጠራው መሥሪያ ቤት፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የኢሜይል ሰርቨሮቹን የምጠብቅ እኔ ነበርኩ። ሁለት ናቸው፤ ተጣምረው ነው የሚሠሩት፤ አንዱ ቢቆም ሌላው ሥራውን ተቀብሎ ይቀጥላል ተብሎ። ከመተሐራ እስከ ሻሸመኔ ያሉት ቅርንጫፎች ደብዳቤ የሚጻጻፉት በእነሱ በኩል ነበር። ሁለተኛው ደካማ መሆኑን ገና ሲተከል ተናግሬአለሁ። አለቃችን ግን፣ "እትዬ አስካለ፣ ማሽንም ማማት ጀመሩ?" አለኝ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ያልኩትን ማንም አልጻፈልኝም።

ዓመታት አልፈው ሰርቨሮቹ ይሻሻሉ ሲባል ኮሚቴ ተቋቋመ። ዕቅዱን የማወጣው እኔ መስሎኝ ነበር። አለቃው "እትዬ አስካለ ጽሕፈታቸው ያምራል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዙ" ብሎ ዕቅዱን ለቶለሳ ሰጠው። ቶለሳ በዕድሜ ልጄ የሚሆን መሐንዲስ ነው። እንደ አገሩ ወግ "አዴ" እያለ በአክብሮት ይጠራኛል። ጠላሁት። ምን አደረገኝ? ምንም። ወንበሬ ላይ ተቀመጠ፣ ያውም ሰዎች አስቀምጠውት።

ዕቅዱ ቀላል ነበር። አንደኛውን ሰርቨር ከሥራ አውጥቶ ማሻሻል፤ እስከዚያ ሁለተኛው ሸክሙን ይችላል፤ ከዚያ ደግሞ በተራው። በሦስተኛው ስብሰባ ላይ ቶለሳ እጁን አወጣ።

"ሁለተኛው ብቻውን ሠርቶ አያውቅም። አስቀድመን አንድ እሑድ እንሞክረው። ካልቻለ ዕቅዱ ይቀየር።"

በእኔ የሳቁት ሰዎች ለእሱ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቃሉ የእኔ ነበር! አለቃው በመጨረሻ "ቀኑ ከላይ ተቆርጧል፤ ሟርትህን ተውና ቀጥል" አለው። እኔ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ነበር። እንዳልጽፍ ማንም አላዘዘኝም። እኔ ነኝ ያልጻፍኩት። ሰምቼ፣ እውነት መሆኑንም እዚያ ከነበሩት ሁሉ ይበልጥ አውቄ፣ አልጻፍኩም።

በማግስቱ ቃለ ጉባኤውን ለማስፈረም ኮሪደር ላይ አገኘሁት። ወረቀቱን ቦርሳው ላይ አስደግፎ በየገጹ ፈረመ።

"አታነበውም?" አልኩት።

"አዴ፣ እርስዎ ጽፈውት እኔ ምን ላርም?" ብሎ ሳቀ።

ለምን ጠየቅኩት? እንዲያነበው ፈልጌ ነው ብል ደስ ባለኝ። አይደለም። ነገ ከነገ ወዲያ "ጠይቄው ነበር" ለማለት ነው።

አንደኛው ሰርቨር በወጣ በሰዓቱ ሁለተኛው ወደቀ። የቅርንጫፎቹ የስንት ወር ደብዳቤ ጠፋ። አጣሪዎች መጥተው ቶለሳን ኮሚቴው ፊት አቆሙት። "ተናግሬአለሁ" አለ። ቃለ ጉባኤው ተከፈተ፤ የተናገረው የለም፤ ፊርማው ግን አለ። ኮሚቴው በሙሉ ጠረጴዛ ጠረጴዛውን ያያል፤ አለመጻፉ ለሁሉም ተመችቷል።

"አዴ፣ ተናግሬ የለም እንዴ?" አለኝ።

"የተባለው የተጻፈው ነው" አልኩ።

እሱ ከሥራ ተባረረ። እኔ በሐሳቤ ከዚያ የስብሰባ ክፍል እስከ ዛሬ አልወጣሁም።

ባለፈው ዓመት የእህቴን ልጅ ልጠይቅ ባቱ ሄጄ ከባጃጅ ስወርድ፣ "አዴ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቶለሳ ነው። ትንሽ የኮምፒውተር መጠገኛ ሱቅ ከፍቷል። እጄን ይዞ አጠገቡ ያለው ዓሣ ቤት አስገባኝና ከግድግዳው ጋር ባለው አግዳሚ ላይ አስቀመጠኝ። እሱ በመውጫው በኩል ተቀመጠ፤ ፀሐዩ እንዳይመታኝ ብሎ። ገና ሳንቆርስ አንድ ደንበኛ ተከትሎት ገባ። ቶለሳ ደብተር አወጣ። ሰውየው ያለውን ጻፈ፣ ራሱ የመለሰለትንም ጻፈ፣ ከዚያ አስፈረመው።

"ለላፕቶፕ ጥገና ይህን ያህል?" አልኩት።

"ጭንቅላቴን ስለማላምነው ነው፣ አዴ። ያኔ ተናግሬአለሁ ብዬ እምል አልነበር? ኋላ ሳስበው፣ እርስዎ ካልጻፉት አልተናገርኩም ማለት ነው። በሰው ፊት ላሳጣዎት ነበር እኮ። ይቅር ይበሉኝ።"

እኔን ነው ይቅር በይኝ የሚለው። ምን መለስኩ? "ብላ፣ ይቀዘቅዛል" አልኩት። መነሳት ፈልጌ ነበር፤ ከኋላዬ ግድግዳ፣ ከፊቴ እሱ። ሥራውን ብቻ የወሰድኩበት ይመስለኝ ነበር። ለካ የገዛ ጆሮውንና አፉን እንዳያምን አድርጌዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ በዓል በመጣ ቁጥር ይደውላል። ስልኩ ሲጮኽ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ፤ ከዚያ አነሳዋለሁ፤ ጤንነቴን ይጠይቀኛል፣ እኔም የእሱን እጠይቃለሁ።

አለቃው ሳቀብኝ፤ እውነት ነው። እስከ ዛሬም አልማርኩትም። እስክሪብቶው ግን በእኔ እጅ ነበር። አትዘኑልኝ፤ ማዘን ካማራችሁ ደብተሩን ይዞ ለሚያስፈርመው እዘኑለት።

የጎደለውን አሁን እጽፋለሁ። በሦስተኛው ስብሰባ፣ አቶ ቶለሳ ሁለተኛው ሰርቨር ብቻውን ሠርቶ ስለማያውቅ አስቀድሞ ይሞከር፣ ካልቻለም ዕቅዱ ይቀየር ሲሉ አሳስበዋል። ተናግረዋል። ሰምቻለሁ። ቃለ ጉባኤ ያዥ፣ አስካለ።

ወረቀቱን ባቱ ድረስ ይዤለት እሄዳለሁ። ይህንን ሳያነብ እንዲፈርም አልፈቅድለትም።