አባቴ ከሁሉም ኋላ የሚሄዱት ለምንድን ነው?

ዛሬ በእግር ጉዞው ላይ አባቴ ደጋግመው ጠፉብኝ።

ባለፈው በኢየሩሳሌም የኢትዮጵያ ጎዳና ያሉትን የድሮ ቤቶች ያስጎበኘን ሰው፣ ዛሬ ደግሞ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ያለውን ጥንታዊ እርከንና በበጎ ፈቃደኞች እየተጠገነ ያለውን ምንጭ ሊያሳየን ወደ ተራራው ወሰደን።

ዞር ባልኩ ቁጥር አባቴ መጨረሻ ላይ ናቸው። ደክሟቸው መስሎኝ ውሃ ይዤ ተመለስኩ። (የደከመውስ እኔን ነበር።)

ጉልበቷን ከሚያማት አንዲት ሴት ጋር ቀስ እያሉ ይራመዳሉ። እሷ አማርኛ አትችልም፤ የእሳቸው ዕብራይስጥም ያው እንደምታውቁት የተሰባበረ ነው።

«አባባ፣ ለምን ወደ ፊት አይመጡም? አስጎብኚው የሚያወራው አመለጠዎት እኮ» አልኳቸው።

«ወደ እስራኤል ለመምጣት በእግር ወደ ሱዳን ስንጓዝ ከኋላ የምሄደው እኔ ነበርኩ። ሰው ወድቆ እንዳይቀር» አሉኝ።

ይህን ነግረውኝ አያውቁም ነበር።

«ታዲያ ሁሉም ደረሱ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

የሴትዮዋን ክንድ ይዘው ድንጋዩን አሻገሯት።

ምንጩ ጋ ስንደርስ ፊታቸውን ታጠቡና የተቀመጠውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ አዩ።

«ዛሬ ሁሉም ደርሷል» አሉኝ።

የእናንተስ ወላጆች ስለዚያ የሱዳን መንገድ ያወጓችሁ የት ሆናችሁ ነው? እስኪ ከታች ጻፉልኝ፤ ለአባቴ አነብላቸዋለሁ።