ዳባት ላይ የተከልናት የነፋስ ክንፍ

ዳባት ላይ መብራት ከጠፋ ወራት ሆኖት ነበር። ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ወደ ቤቴ የተመለስኩት የምህንድስና ተማሪ፣ ስልክ ቻርጅ የምታደርግ የነፋስ ማመንጫ እሠራለሁ ብዬ ተነሳሁ። ሦስቱን ክንፎች ከጽድ ሳንቃ የጠረቡልኝ ጎረቤታችን አናጺ ናቸው። ስድስት ልጅ የሚያሳድጉት በዚያ እጃቸው ነበር። "አትቸኩል ልጄ፣ እንጨቱም ነፋሱም ጊዜ ይፈልጋል" ይሉኝ ነበር። እኔ ግን ሰፈሩ እያየኝ ስለሆነ ቸኮልኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው።

ነፋስ በክንፍ ላይ እንዴት እንደሚያልፍ ለማየት አጫጭር ክር ጀርባው ላይ ይለጠፋል። እናቴ ከፈተለችው ቆርጬ ለጠፍኩ። ነፋሱ ጠንከር ሲል ክሩ ክንፉ ላይ ተኝቶ ይቀመጣል። ሲደክም ግን ነፋሱ የክንፉን ጀርባ ይዞ መሄድ ያቅተውና ይላቀቃል፤ ክሩ ይነሳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ወደ ኋላ ይዞራል። ክንፉም ጉልበት አጥቶ ይቆማል። ክፋቱ፣ በዚያው አይቀርም፤ ነፋሱ ድንገት ተመልሶ ይይዘዋል፣ ጉልበቱም ባንዴ ይመጣል። ይህን ተምሬዋለሁ። ፈተና ላይም በትክክል መልሼዋለሁ።

የተከልናት ቀን ነፋሱ ደካማ ነበር። ክንፎቹ ባሉበት ይርገበገባሉ፣ አይዞሩም። ክሩ አንዴ ሲተኛ አንዴ ሲነሳ አየሁ። ከታች የተሰበሰበው ሰው መሳቅ ጀመረ።

"ይቺማ የወፍ ማባረሪያ ናት!" አለ አንዱ።

ፊቴ ጋለ። አናጺው ከምሰሶው ጋር የታሰረችበትን ገመድ ለማጥበቅ መሰላል ላይ ወጥተው ነበር።

"ጋሼ፣ በእጅዎ ገፋ ያድርጓት" አልኳቸው።

"ምንም አታደርገኝም?"

"ምንም አታደርግዎትም።"

ገፉ። በዚያው ቅጽበት ነፋሱ ተመለሰ። ቀጣዩ ክንፍ ከላይ ወርዶ ቀኝ እጃቸውን መታው። ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው፣ ከዚያ ጎንደር። ሦስት ጣታቸው ተቆረጠ።

የጠየቃቸውን ሁሉ "ነፋሱ ነው፣ የአላህ ሥራ ነው፤ ልጁ ምን ያድርግ?" ይላሉ። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ራሴን እየጠላሁ፣ ዝም እላለሁ።

ባለፈው ሳምንት ትልቋን ሴት ልጃቸውን ይዘው ቤታችን መጡ። መጋዝ መያዝ እንደማይችሉ ከነገሩኝ በኋላ ደብተሯን ፊቴ አስቀመጡ።

"ፊዚክስ አስጠናልኝ፤ እንዳንተ ትሁንልኝ" አሉኝ።

እሺ አልኳቸው።