ካባውና አኮፋዳዎቹ

የባለቤቴ የዜማ ጉባኤ አሶሳ ላይ፣ ከጦሩ ሰፈር በታች የቆመች የቀርከሃ ጎጆ ነበረች። ባለቤቴን ሁሉ የኔታ ይላቸው ነበር። ከዓባይ ማዶ ተከትለዋቸው የመጡት ደቀ መዛሙርት እንደ አገራቸው ደንብ አኮፋዳ አንግተው፣ በየደጁ «ስለ ማርያም» እያሉ ለምነው ይበላሉ። ደጁ ሁሉ የእስላም ደጅ ነው፤ ባዶ የመለሳቸው ግን የለም።

አንድ እሑድ የአገሩ ሹም ከነአሽከሮቻቸው መጡ። የኔታን በሕዝብ ፊት ካባ አለበሷቸውና፣ «ከዛሬ ጀምሮ ይህ የጃንሆይ ጉባኤ ነው። የጃንሆይ ተማሪ በየደጁ ሲለምን እንዳላይ!» አሉ። እልል ተባለ። እኔም እልል አልኩ። ስለ ቀለብ ግን አንድ ቃል ሳይናገሩ በበቅሏቸው ሄዱ።

አኮፋዳዎቹ ግድግዳው ላይ ተሰቀሉ፤ ካባውም አጠገባቸው።

ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አቃተኝ። እህል የጫነ አጋሰስ ይመጣ እንደሆን እያልኩ እወጣለሁ፤ የሰፈሩን መንገድ አያለሁ፤ እገባለሁ፤ ደግሞ እወጣለሁ። ዳዊቴን ብከፍት ዓይኔ ፊደሉ ላይ አልረጋ አለ። የጎታችን ማሽላ ተሟጠጠ፤ የተማሪዎቹም ድምፅ ሰለለ። ትልቁ ደቀ መዝሙር ደበሎውን ጠቅልሎ የየኔታን ጉልበት ሳመ።

«ይባርኩኝና ልሂድ፣ የኔታ። ሌሎቹም ከኋላዬ ናቸው።»

«እስከ ነገ ታገሠኝ» አሉት የኔታ። ተማሪ ከሌላቸው የኔታ ምን እንደሚሆኑ አውቃለሁ። እኔም እናቴን ሳልቀብር እዚህ የቀረሁት ለዚህ ጉባኤ ነው።

ከቀትር በኋላ ጎረቤታችን፣ አማርኛ የሚሰባብሩት የበርታ ተወላጅ አሮጊት፣ በትራቸውን ተደግፈው ደጃፌ ላይ ቆሙ።

«ልጆች የት ሄደ? ታመመ?»

«የለም እማማ፣ የመንግሥት ሆኑ። መለመን ተከለከሉ።»

«መንግሥት ገንፎ ሰጠ?»

«ካባ ሰጠ።»

ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካባ አሻግረው አዩ።

«ካባ ይበላል?»

ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩት። እሳቸው ግን አልሳቁም። «እግሬ ታማለች፣ እዚህ ድስት ይዞ መምጣት አልችል። ልጆች አልመጣ፣ ሰደቃ ለማን ልስጥ?»

ከሄዱ በኋላ የሹሙን ቃል መላልሼ አሰብኩት። ተማሪ አይለምን አሉ እንጂ የየኔታ ሚስት አትለምን አላሉም። ግን እኔ በአባቴ ቤት ለማኝ ስሸኝ ያደግሁ ነኝ፤ እጄን ለሰው ዘርግቼ አላውቅም።

በማግስቱ ማለዳ ትልቁን አኮፋዳ ከካባው አጠገብ አወረድሁ።

«ወዴት ነው?» አሉ የኔታ።

«ስለ ማርያም ልል።»

ካባውን አዩ፤ እኔን አዩ። «ነጠላሽን አጣፊው» አሉኝ፣ ቤተ ክርስቲያን እንደምሄድ ሁሉ።

የአሮጊቷ ደጅ ስደርስ አኮፋዳውን አቅፌ ቆምኩ። ኮቴዬን ሰምተው ኖሮ ከውስጥ ጮኹ፦

«ማነው? ተማሪ ነው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ታዲያ ጮክ በል! ልጆች ጮክ ይላል!»

ጮክ አልኩ።

ስመለስ ትልቁ ደቀ መዝሙር በጠቀለለው ደበሎ ላይ ተቀምጦ ነበር። አሮጊቷ በቅጠል ያሰሩልኝን ገንፎ ከፊቱ አኖርኩለት። ሁሉም በልተው ዜማውን ሲያነሡ እኔ በሩ ላይ ቆሜ፣ አሁን ደግሞ የሹሙ ሰው ድንገት እንዳይመጣ የሰፈሩን መንገድ እጠብቅ ነበር፤ አኮፋዳው ከነጠላዬ ሥር ነው።