የዓብዩ የከሰዓት ደንበኞች

ዓብዩ የባቡር መካኒክ ልጅ ነው። አባቱ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብሎን ሲያጠብቅ ኖረ፤ ልጁ ግን አንድ ብሎን ሳይነካ «መሥራችና ዋና ሥራ አስኪያጅ» የሚል ካርድ አሳትሟል። ምን መሠረተ? አትቸኩሉ።

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ባለ አንድ የንግድ ትምህርት ቤት ሥራ ፈጠራ ያጠናል። ትምህርት ቤቱ ቀልድ አያውቅም፤ ከገባው ግማሹ በመጣበት በር ይመለሳል። ለመመረቅ እገዛለሁ ብለው የፈረሙ ሃምሳ ደንበኞች ማምጣት ግድ ነው። ዓብዩ ሁለቴ ወድቋል፤ ይኼ የመጨረሻ ዕድሉ ነው።

የፈጠረው የቀፊራ ገበያን የሽንኩርት ዋጋ በየጠዋቱ በስልክ የሚናገር መተግበሪያ ነው። ፊርማውን በሁለት ቀን ጨረሰ። እንዴት? ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ድሬ ጫቷን ይዛ ጥላ ስር ስትቀመጥ፣ ከበርጫ በርጫ እየዞረ። በዚያ ሰዓት እምቢ የሚል ፍጡር የለም። የመረቀነው ሰፊው ሕዝብ ሐሳቡን በጭብጨባ አጸደቀ፤ አንዱማ ጅቡቲ ላይ ቅርንጫፍ ሁሉ ከፈተለት። ስልሳ ሦስት ፊርማ!

መምህርት ናዲፋ ዓብዩን ፊቷ አቁማ ወረቀቱን አገላበጠች። ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። የስልኳን ድምፅ ከፍ አድርጋ መጀመሪያ ጨርቅ ነጋዴው ጉሌድ ጋ ደወለች።

«ዓብዩ? የቱ ዓብዩ?»

ቀጥላ ባጃጅ ነጂው ዋርሳን ጋ።

«አቦ እህቴ፣ ትናንት ፈርሜ ከሆነ ለጉሌድም መርከብ ልገዛለት ቃል ገብቻለሁ። ሁለቱንም ተዪው!»

ሦስተኛዋ የቀፊራ ሽንኩርት ሻጯ ፋርሒያ ናት፤ ከሁሉም ጠዋት የፈረመች እሷ ብቻ። ዓብዩ ነፍስ ዘራ።

«አዎ ፈርሜያለሁ» አለች። «ደንበኛ ከልሎብኝ ቆመ፤ እንዲሄድልኝ ፈረምኩ። ወላሂ፣ ዋጋውን በየጠዋቱ እኔን ጠይቆ ነው የሚጽፈው። መልሶ ለኔው ሊሸጥ?»

ናዲፋ ስልኩን ዘጋች።

«እዚህ ወረቀት ላይ ያለው እውነተኛ የገበያ ጥናት የሷ መልስ ብቻ ነው። እስከ ዓርብ ሃምሳ ፊርማ ታመጣለህ። ከቀትር በፊት የተፈረመ።»

«ጠዋት?» አለ ዓብዩ፣ ስቅላት እንደተፈረደበት ሰው።

በዚያው ቀን ከሰዓት የደረሰበትን በደል ለበርጫው ዘረገፈ። ሕዝቡ ነደደ። ትምህርት ቤቱ የድሃ ልጅ ጠላት ነው ተባለ፤ አቤቱታ ተረቀቀ፤ ሰማንያ ሰው ፈረመ። ቀዳሚው ፈራሚ ጉሌድ ነበር። ዋርሳን «እስከ ሚኒስትሩ ድረስ አብሬህ ነኝ!» ብሎ ማለ።

ዓርብ ጠዋት ዓብዩ ደረቱን ነፍቶ ገባና አቤቱታውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ናዲፋ የመጀመሪያውን ስም አነበበች።

ስልኳን አነሳች።